የወጣቶቹ በርጩማ

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ከተማችን እንዲህ ነበረች።

ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል። በወዲህ ማዶ የሸንጎው አዳራሽ፣ ገበያው፣ ጠላ ቤቶቹና መቃብሩ አሉ። በወዲያ ማዶ ትምህርት ቤቱና የጥጥ መፍተያው አሉ። በመካከላቸው አንድ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ርዝመቱ አርባ ሁለት ክንድ፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ። ወገቡን ውሃው ውስጥ የቆመ አንድ ምሰሶ ይደግፈዋል።

በከተማችን ሰው ልጅ ሆኖ ወዲያ ማዶ ይማራል፣ ጎረምሳ ሆኖ ወዲያ ማዶ ይፈትላል፣ ሲያገባ ወዲህ ማዶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እስኪቀበር ድረስ ድልድዩን የሚረግጥበት ጉዳይ የለውም። ስለዚህ በድልድዩ የሚሄዱት ወጣቶች ናቸው፤ ስለ ድልድዩ የሚወስኑት ደግሞ የማይሄዱበት ናቸው። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ የነበረው እንዲህ ስለ ነበረ ነው።

እኔ የውሃ ለኪ ነኝ። ከድልድዩ አጠገብ ካለች ጎጆ ተቀምጬ፣ ወንዙ ውስጥ በተተከለ ዘንግ ላይ የውሃውን ከፍታ አያለሁ። በሸንጎው የሥራ በርጩማ አለኝ፤ ስለ ውሃ ከፍታ እናገራለሁ፣ ስለ ሌላ አልናገርም። አንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ጭስ ሸትቶኝ «እሳት!» ብል፣ የውሃ ለኪ ስለ እሳት መናገሩ ነውር እንደ ሆነ ተነግሮኝ ተቀመጥሁ። እሳቱን ቆይቶ የእሳት ለኪው አስታወቀ። ያን ጊዜ ጣሪያው ግማሽ ሆኖ ነበር።

የበርጩማው ሕግ የከተማችን ሕግ ሁሉ ሥር ስለ ሆነ እዚህ ላይ ልናገረው። በርጩማ የሌለው አፍ የለውም። በርጩማ የሚጠረበው በባለቤቱ ቅልጥም ልክ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ለታላቅ ልጁ፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ ይተላለፋል። እግሩን ማሳጠር አይቻልም፤ የአባትን እግር እንደ መቁረጥ ነው። መቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነም በአራት ቃል ተደንግጓል፦ «እንጨት ከሥሩ፣ አፈር ከእግሩ»። ሁለቱ ባዶ እግሮቹ መሬት ያልነኩ ሰው አልተቀመጠም፤ ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ አልተናገረም፤ ድምፁ ቢሰማም።

ሕጉ ለዘመናት ችግር አልፈጠረም። ሰው በርጩማ የሚወርሰው ብዙ ጊዜ ጸጉሩ ሲሸብት ስለ ነበር፣ እግሩ አይጎድልበትም ነበር።

ደጊቱ የአቶ ባይለየኝ ታላቅ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ትፈትላለች። አባቷ በከተማው ውስጥ ረጅሙ ሰው ነበር፤ በርጩማውም በሸንጎው ከተደረደሩት ሁሉ በላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ቀን ከመፍተያው ስትመለስ፣ ፈንታሁን ከሚባል የሥራ ባልደረባዋ ጋር ወደ ጎጆዬ መጣች።

«ጋሼ፣ ውሃው ዛሬ ስንት ነው?»

«ሦስት ክንድ ከስንዝር» አልኋት።

«ምሰሶውስ?»

«ስለ ምሰሶ አልናገርም።»

ፈንታሁን ሣቀ። «ተያቸው ደጊቱ፤ እሳቸው የሚያዩት እርጥብ ነገር ብቻ ነው። ጋሼ፣ ምሰሶው እኮ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። በሉ እንግዲህ የእርጥቡን ግማሽ ይንገሩን!»

አሰብሁበት። «እርጥቡ ግማሽ ውሃ ውስጥ ነው» አልሁ።

«እግዜር ይስጥልን፤ አሁን ተረጋጋን» አለ ፈንታሁን።

ደጊቱ ግን አልሣቀችም። የነገረችኝ ይህ ነው፦ ፈታዮቹ የጥጥ ቅርጫት ተሸክመው በአንድነት ሲመለሱ፣ ምሰሶው ያለበት ቦታ ላይ ሳንቃው ሁለት ጣት ያህል ይወርዳል። ሲወርድ ከሥር የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል፣ ሲነሣ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ውሃው ላይ የተፈረፈረ እንጨት ተንሳፍፎ ይሄዳል። መዳፏን ሳንቃው ላይ አድርጋ ደጋግማ አይታዋለች። «ካምናው ይብሳል» አለች። «እኔ የምፈራው ክረምቱን ነው።»

በዚያው ሳምንት አባቷ በሸንጎው ተነሣና «ልጄ ድልድዩ ይጮኻል ትላለች» ብሎ ተናገረ። ተነሣና ስል፣ ተቀምጦ ነው።

ሸንጎው ጉዳዩን አልናቀውም። የድልድይ አዳማጩ አቶ መኩሪያው እንዲመረምር ታዘዘ። አቶ መኩሪያው ጠንቃቃ ሰው ነው። በመጀመሪያ በድልድዩ ላይ ሰው እንዳያልፍ አስከለከለ፤ ኮቴ ባለበት ማዳመጥ አይቻልምና። ከዚያ ወንዙ ዳር በርጩማውን አደላድሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ ረፋዱን ሙሉ አዳመጠ። ወጣቶቹ በሁለቱም ዳር ተኮልኩለው ይጠብቁት ነበር።

«ድልድዩ ዝም ብሏል» አለ ሲነሣ።

«ጋሽ መኩሪያው» አለች ደጊቱ፣ «እሱ የሚጮኸው እኛ ስንሄድበት ነው።»

አቶ መኩሪያው ፊቱ በራ። «አየሽ ልጄ፣ አንቺው ራስሽ መሰከርሽ። እንግዲያውስ የሚያስጮኸው ድልድዩ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።»

ይህ ግኝት ለሸንጎው ቀረበና፣ ወጣቶቹ ሲሻገሩ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ተወሰነ። ድምፁ አልጠፋም። በድልድዩ ላይ መሣቅ ተከለከለ፤ ሣቅ ሰውነትን ያርገፈግፋልና። ድምፁ አልጠፋም። ትንፋሽ ይዘው እንዲሻገሩ ተወሰነ። እኔ ከጎጆዬ ሆኜ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያልፉ አያለሁ። ትንንሾቹ መካከል ላይ ሲደርሱ አቅቷቸው ይተነፍሱና ደንግጠው ዙሪያቸውን ያያሉ።

በበልጉ ማብቂያ ወጣቶቹ ከአዳራሹ ደጃፍ ተሰበሰቡ። አልጮኹም፣ ድንጋይም አልወረወሩም። የሚሄዱበትን ድልድይ በተመለከተ አንድ ሰው ከመካከላቸው ገብቶ ይናገር ብለው ጠየቁ። የሸንጎው አባት አያ ደምሰው ወጥተው አዩአቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጆቻችን እውነት አላቸው» አሉ። «ድምፅ ይገባቸዋል።»

በርጩማ እንዲጠረብ ታዘዘ። ከዋንዛ ተጠረበ፤ ጠርዙ ተፈልፍሎ አበባ ወጣለት፤ ቁመቱም ለወጣት ቅልጥም የሚሆን ዝቅ ያለ ነበር። ከአያ ደምሰው ቀኝ ተቀመጠ። ያን ቀን ወጣቶቹ አደባባይ ላይ ዘፈኑ። ደጊቱ የምትናገረውን እቤቷ ስትለማመድ እንዳመሸች አባቷ ነግሮኛል።

በማግሥቱ ገና ከደጃፉ አስቆሟት። አዛውንት በዚያ በርጩማ እንዳይቀመጥ፣ የወጣቶች ነው። አንድ ወጣት እንዳይቀመጥ ደግሞ፣ የወጣቶች ሁሉ እንጂ የአንድ ወጣት አይደለም፤ አንዱ ቢቀመጥበት ሌሎቹ ይበደላሉ። ሁሉም እንዳይቀመጡ አይበቃቸውም። ስለዚህ በርጩማው ባዶ ሆኖ እንዲከበር ተወሰነ። ሸንጎው በተከፈተ ቁጥር አያ ደምሰው ወደ እሱ ዘወር ብለው እጅ ይነሣሉ፣ በያንዳንዱ ጉዳይም «ወጣቶች ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥቂት ይጠብቃሉ። ከዚያ «ወጣቶች ተስማምተዋል» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን ፈንታሁን ድልድዩ ጫፍ ላይ ጫማውን እያወለቀ «ቁርስ ሳንበላ እንሻገር ይበሉንና ይለይለት» ብሎ ሲቀልድ ሰምቻለሁ። ሌላም ሰው ሳይሰማው አልቀረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ወጣቶች ቁርስ ሳይበሉ እንዲሻገሩ ተወሰነ፤ ባዶ ሆድ ቀላል ነውና። ደጊቱ ይህን የሰማችው ከሸንጎ ወጥቶ ጎጆዬ አጠገብ ለተቀመጠው አባቷ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ነው።

«ማነው የተስማማው አባባ?»

«እናንተ።»

«እኛ? የት ሆነን?»

«በርጩማችሁ ላይ ነዋ» አለ ባይለየኝ። ከዚያ ቁራሹን እጁ ላይ እንደያዘ ቆየ፤ አልጎረሰም።

«አባባ፣ አንተ አንድ ቀን መጥተህ ለምን አትሰማውም?»

«እኔ እናትሽን ካገባሁ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ለሰው ምን ብዬ ነው የምሄደው? ትንሽ ልጅ ሆነ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ» አለችው።

ክረምቱ ገባ። ውሃው አራት ክንድ ሞላ፣ ከዚያ አምስት አለፈ። እያንዳንዱን ለሸንጎው አስታወቅሁ፣ እያንዳንዱም በምስጋና ተቀባይነት አገኘ።

አንድ ጠዋት ሸንጎው ሊከፈት ሲል የወጣቶቹ በርጩማ በቦታው አልነበረም። በሕጋችን አንድ በርጩማ የጎደለበት ሸንጎ አይከፈትም። ብዙም ሳንፈልግ አገኘነው። ድልድዩ መካከል፣ ልክ ከምሰሶው በላይ ተቀምጦ ነበር፤ በላዩ ላይ ደጊቱ ነበረች። ፈንታሁንና ሌሎቹ ወዲያ ማዶ ዳሩ ላይ ቆመዋል፤ እነሱን ወደ ድልድዩ እንዳይወጡ ያስጠነቀቀቻቸው እሷ ራሷ ነች።

አዛውንቱ በርጩማ በርጩማቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ወረዱና ወንዙ ዳር ተደረደሩ። አየሩ ጨፍግጎ ነበር። እኔም ተደረደርሁ።

ደጊቱ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ውሃው ይጮኽ ስለ ነበር። «የምለው አንድ ነገር ነው። ምሰሶው በስብሷል። እኔ አሁን ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ከሥሬ ይሰማኛል። ጫማ አወለቅን፣ ትንፋሽ ያዝን፣ ቁርስ ተውን። ከዚህ በኋላ የሚቀነስ የለንም። ምሰሶው ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስ ትንንሾቹ አይሻገሩ። ይኸው ነው።»

የተናገረችው አጭርና ግልጽ ስለ ነበር፣ ከሸንጎው ሰዎች አንዳንዶቹ የተቀረውን ይጠብቁ ነበር።

አያ ደምሰው ወደኔ ዞሩ። «ውሃ ለኪ፣ ከልጅቱ እግር ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ሳንቃ ነው። ከሳንቃው ሥር ውሃ ነው፤ አምስት ክንድ ከሁለት ስንዝር።»

«አፈርስ?»

«አፈሩ ከውሃው ሥር ነው።»

አያ ደምሰው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ አፈር ከእግሯ የለም። አልተቀመጠችም፤ ስላልተቀመጠችም አልተናገረችም። ልጄ፣ እንዳልተናገርሽ አውቀሽ ነይ ውረጂ።»

«ካልተናገረች ለማን ነው የሚመልሱት?» ብሎ ፈንታሁን ከማዶ ጮኸ፤ ወጣቶቹ በአንድነት ሣቁ። ሸንጎው ይህን አልሰማም፤ ፈንታሁን ቆሞ ነበርና።

«ጋሽ መኩሪያው!» አለች ደጊቱ። «እርስዎ እንኳ ይምጡና ይስሙት። ከዚህ እስከዚያ ምን አላት?»

«አንቺ እያለሽበት ደንቡ አይፈቅድልኝም የኔ ልጅ። ውረጂልኝና ባዶውን አዳምጥልሻለሁ።»

በዚህ ጊዜ ባይለየኝ ተነሣ። አሁን የምር ተነሣ፤ በርጩማውን ዳሩ ላይ ትቶ፣ ጫማውን አወለቀ። «ምንድን ነው ባይለየኝ?» አሉት አያ ደምሰው። «ልስማው» አለ።

ደንቡን ሁሉ እንደ ጠበቀ መመስከር እችላለሁ። ባዶ እግሩን ነበር፣ ቁርስ አልበላም፣ ጉንጩ ተነፍቶ ነበር። አልሣቀም። እንደ ትልቅ ወፍ እየተጠነቀቀ ሄደና ከልጁ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ምሰሶው ጮኸ። ሁላችንም ሰማን። የዛገ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ግን የሚሰነጠቅ ነገር ድምፅ ተከተለው።

ባይለየኝ በርከክ ብሎ መዳፉን ሳንቃው ላይ አደረገ። ልጁ ለወራት ታደርገው እንደ ነበረው። ከዚያ ቀና ብሎ «እውነትሽን ነው» አላት። ወደኛ ዞሮም በሙሉ ድምፁ «ይጮኻል! እኔ ሰምቼዋለሁ! ልጄ እውነቷን ነው!» አለ።

«ባይለየኝ» አሉ አያ ደምሰው፣ «በርጩማህ እዚህ ነው ያለው።»

እሱ ይህን የሰማ አልመሰለኝም። «ተነሺ» አላት ልጁን። «ወደ ጓደኞችሽ ቅደሚ። ቀስ ብለሽ። እኔ ከባድ ነኝ፣ እቆያለሁ።»

«አብረን አባባ።»

«አብረን አይችለንም። አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?»

ተነሣች፤ ወጣቶቹን ለማረጋጋት ይመስለኛል፣ አልሮጠችም። እሱ ባለበት ተንበርክኮ፣ መዳፉን ከሳንቃው ሳያነሣ፣ ወዲያ ማዶ መድረሷን አየ። ፈንታሁን እጇን ሲይዛት ምሰሶው ተሰበረ። ድልድዩ ከወገቡ ታጠፈ። ውሃው በዘንጌ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አለና ወዲያው ወረደ።

ባይለየኝን ታች የወንዙ መታጠፊያ ላይ አገኘነው። የወጣቶቹን በርጩማ አላገኘነውም።

አቶ መኩሪያው በሦስተኛው ቀን እንደገና ወንዙ ዳር ተቀምጦ አዳመጠ፤ ድልድዩ ፍጹም ጸጥ ማለቱንም ለሸንጎው አረጋገጠ። ምሰሶውን የመቀየሩ ጉዳይ፣ የሚደገፍ ድልድይ ስለሌለ፣ ተዘጋ። ለወጣቶቹ መሻገሪያ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጠረና፣ ገመዱን እየጎተቱ የሚሄዱበት ታንኳ ተሠራ። አዲስ የወጣቶች በርጩማ ይጠረብ የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር፤ የመጀመሪያው የጠፋው በወጣቶች እጅ ስለ ሆነ አልተፈቀደም። እጅ መንሣቱ ግን አልቀረም። አያ ደምሰው አሁንም ወደ ባዶው ቦታ ዘወር ብለው ይጠይቃሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ወጣቶችም ይስማማሉ።

ኀዘኑ ሲያልፍ ደጊቱ የአባቷን በርጩማ ወረሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ትታ ገባች። አዛውንቱ ሁሉ ከልባቸው አለቀሱላት። ተቀመጠች። ሁላችንም ወደ ታች እናይ ነበር። እግሮቿ አልደረሱም።

ጣቷን ብትዘረጋ ትደርስ እንደ ሆነ ሞከረች፤ ጣት እግር አይደለም ተባለ። በሌላ ጊዜ አፈር በቅርጫት ይዛ መጥታ ከሥሯ ደለደለች። «ይኸው አፈር» አለች። አያ ደምሰው ተጨንቀው አሰቡበትና «በእግሩ የመጣ አፈር ይመሰክራል፤ ተሸክመው ያመጡት አፈር ግን የተሸካሚው ነው» ብለው ወሰኑ። አፈሩን ራሷ ጠርጋ አወጣች።

ለኪ ስለ ሆንሁ፣ በልዩ ፈቃድ፣ ከውስጥ እግሯ እስከ መሬቱ ያለውን እንድለካ ታዘዝሁ። አራት ጣት ነበር።

በየስብሰባው ትመጣለች። ከረጅሙ በርጩማ ላይ ሁሉን ታያለች፤ ከምትናገረው ግን አንድም አይቆጠርላትም። አንድ ምሽት ከታንኳው ወርዳ ወደ ጎጆዬ መጣች። ጎልማሳ ሰው ይመስል ነበር ፊቷ።

«ጋሼ፣ ገመዱ ወዲያ ማዶ ቋጥኙ ላይ ይፋተጋል። አይተውታል?»

«ስለ ገመድ አልናገርም።»

«መካከሉ ውሃ ይነካል እኮ።»

አሰብሁበት። በማግሥቱ በሸንጎው ተቀምጬ፣ የውሃው ከፍታ ሦስት ክንድ መሆኑን፣ ውሃው ውስጥ የሚነከረው ገመድም ወዲያ ማዶ ቋጥኙ ላይ ከሦስት ጉንጉኑ አንዱ ተበጥሶ ሁለት መቅረቱን አስታወቅሁ። አያ ደምሰው የመጀመሪያውን በምስጋና ተቀበሉ። ስለ ሁለተኛው ወደ ባዶው ቦታ ዞረው ወጣቶቹን ጠየቁ፣ ጠበቁም። አቶ መኩሪያው ታንኳው ባዶ በሆነ ጊዜ ገመዱን እንዲያዳምጥ ተወሰነ።

ከስብሰባው በኋላ ሁሉም ሲወጣ ደጊቱ ከበርጩማው አልወረደችም። እግሮቿን አንጠልጥላ ተቀምጣ «እስቲ ይለኩልኝ» አለችኝ። ማንም አላዘዘኝም። ተንበርክኬ ለካሁ።

ሦስት ጣት ተኩል ሆኗል።